ከድንኳኑ የእማማ ድርሻ

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ መቶኛን ሦስት ጊዜ ተምሬ አራት ጊዜ ወድቄያለሁ። ለእድራችን ሰዎች ግን የነገርኳቸው ተቃራኒውን ነው። ከስታዲየም እስከ መስቀል ፍላወር እንደኔ ቁጥር የሚታዘዝለት የለም እያልኩ ስፎክር ኖሬ፣ በመጨረሻ ጸሐፊ አደረጉኝ።

ካዛንቺስ ያለው ሰፈራችን ለልማት ሊነሳ መሆኑ ሲነገረን ሰማንያ አባወራ ነበርን። አርባ ስምንቱ በአንዱ የከተማ ዳር ቤት ደረሳቸው፣ ሠላሳ አንዱ በሌላው። አንዲት እማማ ብቻቸውን ቀሩ። ልጅ የላቸውም፤ የእህታቸው ልጅ ዘንድ ሊገቡ ነው፣ እሱም ሩቅ። የእድሩ ዕቃ እንደየብዛታችን ይካፈል ተባለ። ከወሎ መጥተው እዚሁ ጨርቅ ሲነግዱ ያረጁት የእድሩ ዳኛ፣ ሀጂ፣ ወደ እኔ ዞሩ።

"በል እንግዲህ፣ ቁጥር የሚታዘዝልህ፣ እዘዘው።"

ሁለት ቀን የልጄን የሒሳብ መጽሐፍ ደብቄ ሳነብ ከረምኩ። አርባ ስምንት ለሰማንያ ቢሆን፣ ስንት ለመቶ? አመሳቅለህ ታባዛለህ፣ በሰማንያ ታካፍላለህ፤ ስልሳ። ሠላሳ አንዱ ሠላሳ ስምንት ነጥብ ሰባት አምስት ሆኑ። እማማ አንድ ነጥብ ሁለት አምስት። ደመርኩት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ መቶ መጣ። ደስታዬ የእድር ቤቱን ግድግዳ ሊያፈርሰው ምንም አልቀረው፤ ለነገሩ ሊፈርስ ነው።

በስብሰባው ቀን ተነስቼ አነበብኩ። "ሳህን ሁለት መቶ አርባ፤ ለእማማ ሦስት። አግዳሚ ወንበር አርባ፤ ለእማማ ግማሽ።"

ሰው ሳቀ። "በአንድ ጎኔ እቀመጥበታለሁ" አሉ እማማም እየሳቁ። "ድንኳኑስ?"

ድንኳኑ አንድ ነው። እሱንም በወረቀቴ ሠርቼው ነበር።

"ከድንኳኑ አንድ ነጥብ ሁለት አምስት በመቶ። ማለቴ፣ በቃ አንድ መሀረብ ይወጣዎታል።"

የሳቀ የለም።

"መሀረቡን ማን ይዞ ያለቅስልኛል፣ ልጄ?" አሉ እማማ ቀስ ብለው። "እኔ እኮ ሠላሳ ዓመት በየሰው ለቅሶ ሽንኩርት የላጥኩት፣ ድንኳኑ ለእኔም ይተከላል ብዬ ነው።"

ወረቀቴን ደግሜ አየሁት። ስህተት ፈለግሁበት፤ ስህተት ቢኖረው ደስ ባለኝ። አንድ ለሰማንያ፣ አንድ ነጥብ ሁለት አምስት ለመቶ። ልክ ነበር።

ሀጂ ወረቀቱን ከእጄ ተቀብለው አጣጠፉት።

"ሳህን ይካፈል። ድንኳን ግን ሰው ሲሞት ነው የሚተከለው፤ የሚሞተው ደግሞ ሙሉ ሰው ነው። የትም ብንበተን መዝገባችን አንድ ይሁን። ድንኳኑ ለቅሶ ባለበት ይሄዳል።" ከዚያ እኔን አዩኝ። "አንተ ደግሞ ለቀልድህ፣ በሄደበት ሁሉ ተሸካሚው አንተ ነህ።"

ዓመት ሳይሞላ ድንኳኑን ለእማማ ተሸከምኩት። ብቻዬን ነው ያነሳሁት ብዬ ለብዙ ሰው አውርቻለሁ፤ አራት ነበርን። በእህታቸው ልጅ ደጅ፣ ማንም በማያውቀን ሰፈር ተከልነው።

እንደ ደንባችን ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ መዝገቡን ይዤ ስም ጠራሁ። ሁለትና ሦስት ታክሲ ቀያይሮ የመጣ ብዙ ነው፤ የቀረም አለ። "አለሁ"፣ "አቤት"፣ "አለሁ" እያሉኝ ስወርድ፣ መሰረዝ ረስቼ ኖሮ፣ የእማማን ስም ጠራሁ።

ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አየኝ። እንዲህ ያየኝ የመሀረቡ ቀን ብቻ ነው። ሁሉም ሌላ ቀልድ የመጣ መስሎት ይሆናል። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት፣ ሀጂ መሬት መሬቱን እያዩ፣

"አሉ በል" አሉኝ።

ከስማቸው ፊት "አለሁ" እንዳለኝ ሰው ሁሉ ምልክት አደረግሁና ወደሚቀጥለው ስም ወረድኩ።