ለአክስቴ የታለበችው ጥንቸል

ዶክተሩ የጠየቃት በቅን ልብ ነበር። «እማማ፣ ጥንቸል አለርጂ ይሆንብዎታል?»

አክስቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «ልጄ፣ ምን አድርጌህ ነው? ጥንቸል በላች ብሎ ማን ነገረህ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ያሳደገችኝ አክስቴ በየጊዜው ፊቷ ያብጣል። የአፍንጮ በር ጎረቤት አንዴ ቡዳ፣ አንዴ ምች ሲለው ኖሯል። በዘር የሚመጣ ሕመም መሆኑ የታወቀው ገና አሁን ነው፤ ደሟ ውስጥ እብጠትን የሚገታ ፕሮቲን ይጎድላታል። እብጠቱ ጉሮሮዋን ከያዘው ትታፈናለች። መድኃኒቱን ዘመድ ከውጭ ላከልን፤ የሚሠራው ግን ከጥንቸል ወተት ነው። ይህን በሙያዬ ነርስ የሆንኩት እኔ ደብቄያት ነበር።

ከዶክተሩ ወጥተን ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስንመለስ ታክሲ ውስጥ አፋጠጠችኝ። የሰው ዘረመል ጥንቸሏ ውስጥ ይገባል፣ ጥንቸሏም የጎደለሽን ፕሮቲን በወተቷ ትሰጣለች፣ ተጣርቶ መርፌ ይሆናል አልኳት።

«ማነው የሚያልባት?»

«ማሽን።»

«ቆማ ነው ተቀምጣ?»

ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ከኋላ አንዱ፣ «እማማ፣ ለአንድ ማኪያቶ እንኳ አትበቃም!» አለ።

«ሰው ከገባባትማ ክርስትና ትነሳ! እኔ በጥንቸል ከምድን እንደ ሰው ልሙት» አለች። ሌላው ይስቃል፣ እኔ በገንኩ። ሞቷን እንዲህ ስትቀልድበት አልወድም።

እንደሚከለክሏት እርግጠኛ ሆና የነፍስ አባቷ ዘንድ ሄደች። እሳቸውም፣ «መድኃኒት ነው፤ ውሰጂ» ብለው ሸኟት። ቤት የገባችው የነፍስ አባት ልትቀይር እየዛተች ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት ምስር እየለቀመች ጎረቤት ስታማ ድምፅዋ ጎረነነ፣ ከዚያ ጭራሽ ጠፋ። አክስቴ በሐሜት መሐል ዝም ስትል አይቼ አላውቅም፤ በጣም ፈራሁ። አምቡላንስ ጠርቼ የመድኃኒቱን ዱቄት ለመርፌ በጠበጥኩ። ብልቃጡን አየችው፣ እኔንም አየችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ክንዷን ሰጠችኝ፤ እንዳላየች መሆኗ ነው።

ሆስፒታል ገብተን ብዙ ከቆየን በኋላ እብጠቱ መጉደል ጀመረ። አመሻሹ ላይ ድምፅዋ ተመለሰ። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ወይ ምርቃት ወይ ስድብ ስጠብቅ፣

«ያቺ ጥንቸል፣ ልጆች አሏት?» አለችኝ።

«አዎ። ካልወለደች ወተት ከየት ይመጣል?»

አክስቴ ወልዳ አታውቅም።

«ታዲያ ከልጆቿ ላይ ቀንሳ ነዋ ለእኔ የሰጠችኝ» አለችና አለቀሰች።