ስጦታ ያልሆነው ሳጥን

በዩኒቨርሲቲያችን ቤተ መጻሕፍት አሮጌ መጻሕፍትን በስጦታ የምቀበለው እኔ ነኝ። ለዚህ ሥራ የተመረጥኩት ሰው ስለማላምን ይመስለኛል። አባቴ በሰፈራ ከወሎ መጥቶ ባምባሲ ሲያሳድገን «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ ይኖራል ስንጥር» ይል ነበር፤ እኔ ምክሩን ከገንፎ አሳልፌ ሰው ላይ አዋልኩት። አሮጌ መጽሐፍ ይዞ የመጣ ሁሉ ለእኔ መጀመሪያ ተጠርጣሪ ነው። ከየት አመጣው? የማን ነበር? ለምን አሁን? ከሟች ቤት ወንድሞቹ ሳያውቁ የወጣ ሊሆን ይችላል፤ ድንበር አሻግሮ ሊሸጠው ሲል ገዢ ያጣም ሊሆን ይችላል። ምስጡንና ሻጋታውን የማየው ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አንድ ሽማግሌ ከሆሞሻ መጡ። የቆርቆሮ ሳጥን በገመድ ጠፍረው፣ ከመናኸሪያ በባጃጅ አስጭነው ደረሱ። ስንከፍተው በእጅ የተጻፉ፣ ያልተጠረዙ ገጾች በቆዳ ማኅደር ውስጥ ተደርድረዋል። ፊደሉ ዐረብኛ ነው፤ ሽማግሌው ጣታቸውን እያስኬዱ ሲያነቡልን ግን የአንዳንዱ ገጽ ቋንቋ የአገሩ ሰው የሚናገረው በርታኛ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለ ነገር መደርደሪያችን ላይ የለም። ኃላፊያችን ፊቷ በራ። እንግዶች ሊመጡ ነው፣ የሚታይ ነገር ያስፈልገናል ስትል ነው የከረመችው።

እኔን ግን አንድ ቃል ከነከነኝ። የማን እንደሆነ ስጠይቃቸው «አማና» አሉኝ። ከየት እንዳገኙት ስጠይቃቸውም «አማና ነው» አሉኝ። ገበያ ውስጥ ነጋዴ ሲምልበት የሰማሁት ቃል ነው፤ በታማኝነቴ እንደማለት አድርጌ ወሰድኩት። ማል ሳይባል የሚምል ሰው ደግሞ ዕረፍት ይነሳኛል። የሳጥኑ ቁልፍም ተሰብሯል። ይሄ ሰውዬ የሌላ ሰው ሳጥን ሰብሯል አልኩ በልቤ። በዚህስ አልተሳሳትኩም፤ የተሳሳትኩት ምክንያቱን ነው።

ኃላፊያችን የስጦታ ውሉን አመጣችና ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «ከዛሬ ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው ንብረት ይሆናል» የሚለው ጋ ስደርስ እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ አነሱ።

«ንብረት የለም» አሉ። «ይሄ የሰው ነው። ሰውዬው ይመጣል፣ ይወስዳል።»

ነገሩ ቀስ በቀስ ወጣ። ባለቤቱ ከሱዳን በኩል ጦርነት ሸሽተው የመጡ ሼህ ናቸው። በሽማግሌው ቤት ሰንብተው ወደ ባምባሲ መጠለያ ሲሄዱ ሳጥኑን እሳቸው ዘንድ ተዉት። በኋላ ሼሁ ልጃቸውን ፍለጋ ድንበሩን መልሰው ተሻገሩ፤ ወሬያቸውም ጠፋ። በዚያ ዓመት ምስጥ ግድግዳውን ጨርሶ ሳጥኑ ሥር ሲደርስ፣ ሽማግሌው ደንግጠው ቁልፉን ሰብረው ገጾቹን አዩ። አማና መሐላ አልነበረም፤ አደራ ነው። ወደ እኛ ያመጡትም ተማሪው የወሰደውን መጽሐፍ የሚመልስበት ቤት መሆኑን ሰምተው ነው። መመለስ የሚያውቅ ቤት ለአደራ ይሆናል ብለው አሰቡ። እኛ ግን መልሱ የምንለው ሌላውን ነው፤ ራሳችን የተቀበልነውን አንመልስም።

ኃላፊዬ ወደ ጎን ጠርታኝ ሼሁ እንግዲህ አይመጡም፣ እኚህም አርጅተዋል፣ ነገ ማን ይጠይቀናል አለችኝ። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ገጾቹን ምስጥ እንዳይበላቸው ፈርታ ነው፤ ያለ ውል ማስገባት ደግሞ አትችልም። «ማን ይጠይቀናል» የሚለውን ስሰማ ግን ጥርጣሬዬ በሙሉ ከሽማግሌው ተነሥቶ ወደ ራሳችን ዞረ። ተመልሼ እውነቱን ነገርኳቸው። እዚህ አንዴ የተመዘገበ አይወጣም፤ ሼሁ ራሳቸው ቢመጡ ቁጭ ብለው ያነቡታል እንጂ አይወስዱትም አልኳቸው።

ገመዱን መልሰው ያስሩ ጀመር። ወደዚያ ምስጥ የጨረሰው ቤት ከተመለሰ ክረምቱን እንደማይወጣ አውቃለሁ። ቋጠሮውን ሲጨርሱ ግን ሳጥኑን ወደ እኔ ገፉት።

«ለዚህ ቤት አይደለም» አሉ። «ላንተ አማና።»

ከጠዋት ጀምሮ እንደ ሌባ ስመረምራቸው ነው የዋልኩት። በምን እንዳመኑኝ ጠየቅኳቸው።

«አንተ ሰው አታምንም» አሉ። «ሌላ ሰው መጥቶ የኔ ነው ቢል፣ አትሰጠውም።»

ተናደድኩም፣ ደስም አለኝ። እንዲህ ያመነኝ ሰው አላስታውስም። ሳጥኑን ቤቴ ወስጄ ከመሬት ከፍ አድርጌ አስቀመጥኩት፤ ምስጥ እንዳይወጣበትም በየጊዜው አየዋለሁ። ሼሁ እስካሁን አልመጡም፤ ሽማግሌውም ባለፈው ዓመት ዐረፉ። አሁን የሚያስጨንቀኝ የእኔ ነገር ነው። ብሞት ሳጥኑን ለማን አደራ እንደምል ሳስብ፣ የማውቀውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ አየሁና የማምነው አጣሁ።