የቀዮ ቀይ መጠቅለያ

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ቀለም የበጠበጠችውን ሴት ሁሉም እትዬ ጠብታ ይላታል። የቀለሙ መጠን ሲያጠራጥራት «አንድ ጠብታ ብቻ» ማለት ልማዷ ነው። ሥራሽ ምንድን ነው ሲሏት በጥባጭ ነኝ ትላለች። የአውራ ጣቷ ጥፍር የዕለቱን ሥራ ያሳብቃል፤ አረንጓዴ ከሆነ የሻይ ፓኬት፣ ሰማያዊ ከሆነ የደብተር ሽፋን እየታተመ ነው።

የዚያን ሐሙስ ጥፍሯ ቀይ ነበር። ጣጣው ደግሞ ከገዛ እኅቷ መጣ።

ታናሿ ቀዮ ሳሙና ታመርታለች። በስንት ልፋት ከባሕር ማዶ የመጀመሪያውን ገዢ አግኝታለች። ሰውዬው ሳሙናውን ወደደው፣ ነጩን መጠቅለያ ግን አልተቀበለም። በእኛ ዘንድ ነጭ የሐዘን ልብስ ነው፣ የደስታው ቀይ ነው፤ እስከ ነገ የቀይ ናሙና ፎቶ ካልደረሰኝ ከሌላ እገዛለሁ ብሎ ጻፈ።

ቀዮ ፊቷን አጥቁራ መጣች። ቀለም በጠገበው ጠረጴዛ አጠገብ ቆማ፣ ቀይ የለበሰ ሳሙና ደም እንጂ ንጽሕና አይመስልም ስትል ተሟገተች። ለእነሱ ቀይ፣ ለእኛ ነጭ ይሁን ሲሏትም፣ ሁለት መልክ ያለው ሳሙና ሁለት ምላስ እንዳለው ሰው ነው፣ ማን ያምነዋል አለች።

እትዬ ጠብታ ማማሰሏን አላቆመችም።

«ነጭ ንጹሕ ከሆነ፣ ዓይን ያወጣውን ውሸት ነጭ ውሸት የምንለው ምን ነክቶን ነው? ያጣ የነጣ ድሃስ?»

«አባባል ነዋ፣ እቴቴ።»

«የእነሱም አባባል ነው። ይልቅ አንቺን ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ሰው ሁሉ ቀዮ ይልሻል። ደም ነች ብሎ የሸሸሽ አለ?»

የማሽኑ ሠራተኛ ሳቁን ሊደብቅ ወደ ወረቀቱ ክምር ጎንበስ አለ። ስሙን ያወጣችላት ይህችው እኅቷ መሆኗ ትዝ ሲላት ቀዮም፣ በሉ አንዱን አትሙትና ልየው አለች።

የመጀመሪያው ወረቀት ወጣ። ቀዮ መስኮቱ ዘንድ ወስዳ አገላበጠችው፣ ከቦርሳዋ ሳሙና አውጥታም ጠቀለለችበት። ቀለሙ ትንሽ ይጮኻል አለች። እትዬ ጠብታ ጥቁር ጨመረችበት፤ አንድ ጠብታ ብቻ። ሁለተኛው ሲወጣ ቀዮ ናሙናው ላይ ፈረመች።

«ለእኛውስ ነጩን ላትም?» አለ የማሽኑ ሠራተኛ።

«እሱም ይቅላ» አለች ቀዮ፤ «ሁለት ምላስ የለኝም ብያለሁ።»

ከዚያ ወዲህ ሰፈርተኛው ሱቅ ሲሄድ የሳሙናውን ስም አይጠራም። «አንድ ቀዮ ስጠኝ» ይላል።