ቆማ የተፈተነችው ወለተሥላሴ

ወለተሥላሴ በሰው አገር፣ ኮሌጅ ፓርክ በሚባል ሰፈር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሆቴል ምድር ቤት የሰው አንሶላ ስታጥብ ዓመታት አልፈዋል። አንሶላ ላይ ምን ምን እንደሚገኝ እሷ ታውቃለች፤ እዚህ አይጻፍም፣ ምሳ እየበላ የሚያነብ ይኖራል። ከዚያ ምድር ቤት የምትወጣበት መንገድ አንድ ብቻ ነበር፦ የነርስ ረዳትነት ትምህርቷን ጨርሳ ስቶን ማውንቴን፣ ቤቷ አጠገብ ያለው የአረጋውያን መንከባከቢያ መግባት። ቦታውን ይዘውላታል። የቀራት የኦንላይን ፈተናው ነው።

ትምህርት ቤቱ ገና ሲመዘግባት «ለኦንላይን ትምህርት ምን ያህል ዝግጁ ነሽ?» ብሎ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ እንድትሰጥ ጠይቋት ነበር። ለሁሉም አምስት ሰጠች። አክብሮ የጠየቀን ሰው «አልተዘጋጀሁም» ማለት ምን የሚሉት ብልግና ነው? እነሱም አመኗት። የዘመኑ ጥናት እንዲህ ነው፤ አንዱ በይሉኝታ ይመልሳል፣ ሌላው በመቶኛ ያሰላል።

ትምህርቱ ራሱ የሚያቅለሸልሽ ነበር። ቪዲዮው ላይ አንዲት ሴትዮ ሌት ተቀን ፈገግ እያለች የፕላስቲክ አሻንጉሊት ገላ ታጥባለች። አሻንጉሊቱ አያስል፣ አይሳደብ፣ አይሸት።

«ይቺ ሴትዮ ጥርሷን አይደክማትም?» ትላለች ወለተሥላሴ።

«ማሚ፣ ጀስት ሪላክስ አድርጊና ቪዲዮውን ፊኒሽ አድርጊው» ትላታለች ልጇ ማራኪ፣ ሦስት ስክሪን ባንዴ እያየች።

የፈተናው ቀን ኮምፒውተሩ ክፍሉን አዙረሽ አሳዪኝ አላት። የጠረጴዛውን ሥር አሳየች። እጅጌሽን ሰብስቢ አላት። ጆሮሽን፣ አሁን ደግሞ ያኛውን ጆሮሽን! የገበያ በቅሎ እንኳ ጥርሷን ከፍተው የሚያዩዋት ሊገዟት ነው። ትንሽ ቢፈቀድለት የሆድ ትሏን ይቆጥር ነበር።

ኢንተርኔቱ የሚሠራው ሳሎን ብቻ ነው። አብረዋቸው የሚኖሩት የባሏ ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ ሳህሌ፣ ለእሷ ሲሉ ወጣ ብለው ነበር፤ ዝናብ መለሳቸው። በሩ ሲከፈት ወለተሥላሴ ብድግ አለች። አላሰበችበትም፤ ታላቅ ሲገባ የሚነሳው ጉልበት ራሱ ነው። ካሜራው ፊቷን አጣ፣ ሆዷን ብቻ አየ። ሆድ ደግሞ አልተመዘገበም። «ተፈታኟ ተሰውራለች» ብሎ ፈተናውን ዘጋው።

አንድ ዕድል ጨመሩላት፤ የመጨረሻ።

አስባ አስባ የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛውን ከፍ አድርጋ ኮምፒውተሩን ላዩ ላይ አስቀመጠችው። ከመጀመሪያው ቆማ ከተፈተነች፣ ማንም ቢገባ መነሳት የለባትም።

«ኦ ማይ ጋድ፣ ማሚ!» አለች ማራኪ፤ ሳቋ አላስችል ሲላት መኪናዋ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ጋሼ ሳህሌም ከመኝታ ቤት እንደማይወጡ ቃል ገቡ።

ቃላቸውን ጠበቁ፤ ውሃ እስኪጠማቸው። ወጥተው ሲያዩዋት ኩሽናው በር ላይ ደርቀው ቀሩ።

«ምን አጥፍተሽ ነው ያቆሙሽ?»

ወለተሥላሴ ዝም። ኮምፒውተሩ ያያል እንጂ አይሰማም፤ ከንፈሯ ከተንቀሳቀሰ ግን ፈተናው ይዘጋል፤ ከተቀመጠች ፊቷ ይጠፋል።

«ባለትዳር ሴት እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ያቆማሉ? ነውረኞች! ተቀመጪ ልጄ!»

ወለተሥላሴ ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም።

«በሞቴ ተቀመጪ!»

በሞቴ! ከእኛ ወገን ይህን ሰምቶ ቆሞ የቀረ ሰው አልተወለደም። ስክሪኑ «የተኛ በሽተኛ በየስንት ሰዓቱ ይገላበጣል?» ይላታል፤ የባሏ ታላቅ በሞታቸው ይለምኗታል። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ዓይን ማዞር ግን ክልክል ነው። መልሱን ነካች። የሚቀጥለውንም ነካች።

ጋሼ ሳህሌ ውሃውን ሳይጠጡ ተመልሰው ገቡ።

አለፈች። ስክሪኑ ባለቀለም ብጥስጣሽ ወረቀት በተነላት፣ «እንኳን ደስ አለሽ!» አላት። እሷ ግን ወረቀቱ ወድቆ ሳያልቅ ኮምፒውተሩን ከደነችው። ሄዳ መኝታ ቤቱን አንኳኳች፣ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች።

«ጋሼ፣ አለፍኩ። ይቅር ይበሉኝ፣ መናገር አይፈቀድም ነበር።»

«በሞቴ እያልኩሽ?»

«በሞቴ እያሉኝ።»

«ለመሆኑ ሥራው ምንድነው?»

«ሽማግሌና አሮጊት መንከባከብ።»

ጋሼ ሳህሌ ጉልበታቸውን ሰብስበው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«እግዜር ይሁናቸው!» አሉ።