የብርነሽ እርጎና የአያ ማሩ ጨጓራ

ብርነሽን የሚያውቅ ሰው ስልኳንም ያውቃል። ደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ ካለው ወተት ቤቷ ፊት ለፊት የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ እውላለሁና፣ በአንድ እጇ እርጎ እየቀዳች በሌላው ስልኳ ላይ ስትጽፍ ስንት ጊዜ አይቻታለሁ። ዶሮ ለምን እንቁላል መጣል እንደምታቆም ትጠይቃለች፤ ሽንኩርት ለምን እንደሚያስለቅስ ትጠይቃለች። እኔን ግን አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። «አንተማ የሰማኸውን ነው የምትነግረኝ» ትለኛለች። ሳልደብቅ ልናገርና ያናድደኛል።

ጅዳ በሰው ቤት ብዙ ዓመት ሠርታለች። የቤቱ እመቤት በየማለዳው ከፍሪጅ ትንሽ ጠርሙስ እያወጣች ትጠጣ ነበር። ብርነሽ ስታሸተው እርጎ ነው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ምን እንደሆነ ስትጠይቅ፣ ለሆድ የሚበጁ ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች እንዳሉበትና ስማቸውም ፕሮባዮቲክ እንደሚባል ነገሯት። «እኛ ቤት በቅል ሞልቶ የሚውለው!» ብላ ብቻዋን እንደሳቀች አጫውታኛለች። አገሯ ስትገባም ወተት ቤት ከፈተችና በሩ ላይ «ፕሮባዮቲክ እርጎ» ብላ አስጻፈች። የገበያ ቀን ከገጠር የሚመጣው ሰው ቃሉ አልያዝ ሲለው «ያንን ዓረብ አገር የደረሰውን እርጎ ስጪን» እያለ ያዛታል።

ሁዳዴ ሲገባ ግን ወተት ቤት ምን ሥራ አለው? የሚመጡት ሙስሊም ደንበኞቿና ለሕፃን የሚወስዱ እናቶች ብቻ ናቸው። ባለፈው ሁዳዴም ሥራ ሲቀዘቅዝ ስልኳ ላይ ተተከለች። መክሊት የምትባል ነርስ ደንበኛዋ፣ የሐኪሞች ጥናት የሚፈለግበትን ገጽ አሳይታት ነበር። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው። ብርነሽ በስልኩ ወደ አማርኛ ታስተረጉመዋለች፤ አማርኛው አልገባ ሲላት ደግሞ ወደ ዓረብኛ። አንድ ነገር ባገኘች ቁጥር አስፋልቱን አቋርጣ ትመጣለች። «ስማ፣ እርጎ ለሕፃናት ተቅማጥ!» «ስማ፣ እርጎ ለሆድ ድርቀት!» የምትጽፈውን ጥያቄ ላየ ሰው መልሱ እዚያው ጥያቄው ውስጥ ነበር። እርጎ ይጠቅማል ወይ ብላ ትጠይቃለች፤ ይጠቅማል የሚል ታገኛለች፤ ስልኩን ትዘጋለች።

በእኩለ ጾም አባቷ አያ ማሩ ከጉና ግርጌ መጡ። ጨጓራቸው ሲያቃጥላቸው ከርሞ እህል አልወርድ ብሏቸው ነበር። ሲመረመሩ ባክቴሪያ ተገኘባቸውና ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክ፣ አሲድ ከሚቀንስ ኪኒን ጋር ታዘዘላቸው። ብርነሽ ወዲያው «እርጎ ለጨጓራ ባክቴሪያ» ብላ ጻፈች። አገኘችም። ከመድኃኒቱ ጋር ፕሮባዮቲክ የወሰዱ ሕመምተኞች ማቅለሽለሹና ተቅማጡ እንደቀለለላቸው፣ ባክቴሪያውም በመጠኑ በተሻለ ሁኔታ እንደጠፋላቸው ይላል። «ጠፋላቸው» የሚለው ላይ ስትደርስ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

ችግሩ ጾሙ ነበር። አያ ማሩ ነፍስ ካወቁ ጀምሮ ሁዳዴን ገድፈው አያውቁም።

«አባባ፣ ለታመመ ይፈቀዳል። የነፍስ አባትዎን ይጠይቁ።»

«ከስልክሽ ጋር ተማክረሽ ነው ጾሜን የምታስገድፊኝ?»

«ከሐኪሞች ጋር ነው እንጂ! እርጎ ባክቴሪያውን ያጠፋዋል ብለው ጽፈዋል።»

ይህን ስትል የኮታቸውን እጅጌ እየለካሁ አጠገባቸው ነበርኩ። «ከኪኒኑ ጋር» የሚለውን አላለችውም። ለእሷ ግልጽ ነበር፤ ለእኔም ግልጽ ነበር።

የነፍስ አባታቸው በስልክ ተጠየቁና «ለመድኃኒት ያህል ይቅመሱ» ብለው ፈቀዱ። አያ ማሩም እርጎውን እንደ ጸበል ያዙት። በማለዳ፣ በባዶ ሆድ፣ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረውና አማትበው ይጠጡታል። ብርነሽ ትስቃለች፤ እኔም ስቄያለሁ። ሁለታችንም የገጠር ልጆች ሆነን አንድ ነገር ሳናስብ ቀረን። በሽማግሌዎቻችን ዘንድ ጸበል የያዘ ሰው ኪኒን አይነካም። ቤተ ክርስቲያን ብላ አይደለም፤ ልማድ ነው። አንዱን አምኖ ሌላውን መደረብ ያመኑትን መጠራጠር ይመስላቸዋል። አያ ማሩ ኪኒናቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት፤ ለማንም አልተናገሩም።

መጀመሪያ ላይ ቀለል አላቸው፤ ብርነሽም ለመንደሩ ሁሉ አወራች። በሆሣዕና ማግስት ግን ከሽንት ቤት ሲወጡ ፊታቸው ገርጥቶ፣ ግድግዳ ይዘው ቆሙ። «የወጣኝ ነገር እንደ ጥላሸት ጠቁሯል» አሏት። እንደ ልማዷ ስልኳን አውጥታ ጻፈች። መልሱን ስታይ «ደም ነው!» ብላ ጮኸች፤ ሮጬ ባጃጅ አስቆምኩ።

ጨጓራቸው እየደማ ነበር። ሐኪሙ «መድኃኒቱን ጨርሰዋል?» ብሎ ሲጠይቃቸው፣ አያ ማሩ እኔ ክንድ ላይ ወዳለው ኮታቸው ጠቆሙ። ጥቅልሉን አውጥቼ ፈታሁት። አንድም አልተነካም። ብርነሽ ወንበር ሳትፈልግ መሬቱ ላይ ተቀመጠች።

ደም ተሰጣቸውና ነፍሳቸው ተመለሰች። አልጋቸው አጠገብ ስንጠብቅ ብርነሽ ያንኑ ጥናት እንደገና ከፍታ፣ ያን ቀን ያልደረሰችበትን እስከ ታች አነበበችው። ፕሮባዮቲክ ብቻውን ባክቴሪያውን እንደማያጠፋ ተጽፏል። የተመረመረውም ፕሮባዮቲክ ዘሩ ተለይቶ የተዘጋጀ ዱቄት እንጂ በቅል የረጋ እርጎ አይደለም። ሁሉም ከመጀመሪያው እዚያው ነበር። አያ ማሩ ሲነቁ ቃል በቃል አነበበችላቸው፤ እያነበበች አለቀሰች።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ አባባ። ግማሹን ነው የነገርኩዎ።»

አያ ማሩ ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ስልክሽ ምን እንደሚል በምን አውቄ? ጾሜን የገደፍኩትም፣ ኪኒኑን የተውኩትም አንቺ ስላልሽ ነው።»

ቁጣ የለበትም፤ ቢቆጡ በተሻላት ነበር። እኔም፣ ለዓመታት የምትንቀኝ ሴት እንዲህ ስትዋረድ ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ ተነሥቼ ወንበሬን ለቀቅኩላት።

የመድኃኒት ሰዓት ደረሰ። ብርነሽ ኪኒኑን ከነውሃው ስታቀርብላቸው የምን እንደሆነ፣ ማን እንዳዘዘውና ከምን ጋር እንደሚወሰድ ሁሉን ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። አያ ማሩ ግን ከመዳፏ ላይ አንሥተው በአንዴ ዋጡትና ብርጭቆውን መለሱላት። ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቋትም።