ከኋላው የምትቀመጠው

ሹራብ ሠሪዋ ዓይኗን ያጣችው በጎልማሳነቷ ነው። ድንገት አልነበረም፤ መጀመሪያ የክሩ ቀለም ተምታታባት፣ ቀጥሎ የሰው ፊት ደበዘዘባት፣ በመጨረሻ ብርሃኑ ጨርሶ ራቃት። ጣቶቿ ግን ሥራቸውን አልረሱምና ሹራቡን በዳበሳ ትሠራ ነበር። የከበዳት የእህቷ ናፍቆት ነው። ታላቅ እህቷ የምትኖረው አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ከጀመረ በኋላ፣ ድንጋይ ከሚፈለጥበት ካባ ማዶ ነው። ያንን መንገድ ታክሲ አይደፍረውም። በእግሯ ስትሞክረውም ድንጋዩ እያደናቀፈ ጣላት።

ባሏ ብስክሌት ጠጋኝ ነው። ወሬ አያበዛም፤ ሲቀልድም ፊቱ አይፈታም። አንድ ከሰዓት በኋላ ከሱቁ አንድ ረጅም ብስክሌት እየገፋ መጣና እጇን ይዞ ብረቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስዳሰሳት።

«ይሄ ሁሉ ርዝመት ምንድን ነው? አውቶቡስ ገዛህ እንዴ?» አለችው።

«ባለ ሁለት መቀመጫ ነው። እኔ ከፊት፣ አንቺ ከኋላ። መሪው የኔ፣ ጭቅጭቁ ያንቺ።»

ብስክሌቱ ለአስፋልት የተሠራ ስለነበር ጎማው እንደ ጣት የቀጠነ ነው። ገና ኮረኮንቹ ላይ ሲወጡ ጥርሳቸው ተንገጫገጨ፣ ብዙም ሳይርቁ ጎማው ፈነዳ። ጠጋኙ እጅ አልሰጠም። ሰፊ ጎማ ሊያስገባ ቢሞክር የፊት ሹካው ጠበበ፤ ሹካውን ቀየረው። ጎማው ከፍሬኑ ጋር ተፋተገ፤ ፍሬኑንም ሌላ አደረገው። በመጨረሻ ንፋሱን ቀነስ አድርጎ ሲወጡበት፣ ብስክሌቱ ጠጠሩን እያንሿሿ ለስለስ ብሎ ሄደላቸው። ሹራብ ሠሪዋ ያን ቀን እህቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲያ ለዓመታት ተመላለሱበት። እሱ ከፊት ሆኖ «ጉድጓድ»፣ «አሸዋ»፣ «ፔዳሉን ተይው» ይላታል፤ በመሃል ያየውን ያወራላታል።

«ፍየሎች ድንጋይ ላይ ቆመው ይገላምጡናል። አንዷ ቁርጥ አንቺን ትመስላለች።»

እሷም ጀርባውን በቡጢ ነካ ታደርገዋለች።

አንድ ቀን መንታ መንገዱን አለፉ። ወደ እህቷ የሚወስደው ሻካራ ጠጠር፣ ሌላኛው ደቃቅ አፈር ነው። የጎማው ድምፅ ድንገት ጸጥ ሲል ሹራብ ሠሪዋ ጆሮዋን ጣል አደረገች።

«አንተ፣ ወዴት ነው የምትወስደኝ?»

«እህትሽ ጋ ነዋ።»

«ይሄ እኮ አፈር ነው፤ ተሳስተሃል።»

ብስክሌቱን አቆመ። «እስቲ አንቺ ንገሪኝ፤ በየት በኩል ነው?» አላት። ድምፁ ውስጥ ፍርሃት ሰማች።

ሐኪሙ የመርሳት በሽታ ነው፣ መድኃኒትም የለውም አላቸው። ለጊዜው መላ አላጡም፤ እሱ ያያል፣ እሷ «ግራ፣ ቀኝ» እያለች ትመራዋለች። ይሁን እንጂ አንድ ጠዋት ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን መያዙን ረሳና ቦይ ውስጥ ገቡ። ክንዷ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ዳግመኛ ብስክሌቱ ላይ አልወጣችም። እውነቱን ልትነግረው አንደበቷ እምቢ ስላላት፣ ጉልበቴን አሞኛል አለችው። እሱ ግን ጎማውን ነፍቶ በር ላይ ይጠብቃታል።

«ምን በድዬሽ ነው?» አላት አንድ ቀን።

በማግሥቱ ክር እየጠቀለለች ሳለ የግቢው በር ሲጢጥ አለ፣ የብስክሌቱ ካቴናም ሲሽከረከር ሰማች። እየዳበሰች እስክትወጣ ሄዷል። ጎረቤት ሁሉ ሲፈልገው ውሎ አጣው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንድ የድንጋይ መኪና በራቸው ላይ ቆመ።

«እናቴ፣ እኚህ አባት የእርስዎ ናቸው?» አላት ሹፌሩ። «ካባው አጠገብ ብስክሌቱን እየገፉ ቁጥቋጦውን ሁሉ ሲፈትሹ አገኘናቸው። ሚስቴ ከኋላዬ ወደቀች፣ ዓይኗ አያይም፣ መንገድ ላይ ጥያት መጣሁ እያሉ ያለቅሳሉ። እኛም አብረናቸው ስንፈልግ ዋልን።»

«ሚስቱ እኔ ነኝ» አለችው። ሹፌሩ ብስክሌቱን ከመኪናው ሊያወርድ ዞረ።

የባሏን እጅ ፈልጋ ያዘች። መዳፉን እሾህ ቦጫጭሮታል።

«አለሁ እኮ። አልወደቅኩም።»

እጁን ቀስ ብሎ አስለቀቀ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የምፈልገው ሚስቴን ነው። ሳይመሽ ቢያግዙኝ ምን ይመስልዎታል?»

አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ «እርስዎ» ብሏት አያውቅም። ልትጮህ ፈለገች፤ ግን ክንዱን ያዘችና አብራው ወጣች። የራሷን ስም እየጠራች በአጥሩ ጥግ፣ በመንገዱ ዳር፣ እስኪደክመው ድረስ ራሷን ፈለገችለት።

ብስክሌቱን እህቷ ወስዳ ከዶሮው ቤት ጀርባ አቆመችው። ጠጋኙ ከዚያ በኋላም ቆየ፤ ሚስቱን ግን አላገኛትም። ሾርባውን በማንኪያ የምታጠጣውን ሴት ደግ ጎረቤት አድርጎ ወስዷት፣ ስለ ሚስቱ ያጫውታታል።

«ተጨቃጫቂ ነበረች» አላት አንድ ቀን፤ «ከኋላዬ ስትቀመጥ ግን ዳገቱ አይታወቀኝም።»

«ይወዷት ነበር?» አለችው፤ እሷም አንቱ ማለቱን ለምዳለች።

«አሁንም እወዳታለሁ። ብቻ የት እንደጣልኳት ጠፋኝ።»

ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀምጣ፣ እንደ ድሮው ጀርባውን በቡጢ ነካ አደረገችው።