ከሃያ ስምንት ዘጠኝ

አባቴ እሱ በሚኖርበት በዶርዜ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ በተደረገ ነጻ የዓይን ምርመራ «ግላኮማ ሳይኖርብህ አይቀርም» ተባለ። ዓይንን ቀስ እያለ የሚያጠፋው በሽታ ነው። ነርሷ መሣሪያው በሽታው ካለባቸው አሥር ሰዎች ዘጠኙን እንደሚለይ ነገረችው። እሱ ከአሥር ዘጠኙ ዕድሉ መታወር እንደሆነ አድርጎ ወሰደው። ሆስፒታል ሄደህ በደንብ ታይ ሲሉትም፣ ላለቀ ነገር ምን ያደክመኛል ብሎ እምቢ አለ።

እኔ አርባ ምንጭ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ከቤት በስልክ ሲነግሩኝ እኔም እንደ እሱ አምኜ፣ ሳልደምር ሳልቀንስ አለቀስኩ። ተማሪ እንዲህ ቢሳሳትብኝ ኖሮ ክፍሉን በቁጣ አናውጠው ነበር።

ቅዳሜ ወደ ዶርዜ ወጣሁ። አባቴ እግሩን በሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ መወርወሪያውን ይወረውራል። ይስታል፤ በጣቱ ይዳብስና እንደገና ይወረውራል።

«አባዬ፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«እጄን እያስለመድኩት ነው። ዓይኔ ሲሄድ እንዳይደነግጥ።»

ክር ስጠኝ አልኩት። ለክፍል እንደማወጣው ጥያቄ ቁጥሩን ራሴ ገመትኩ። ሁለት መቶ ሰው ተመረመረ እንበል፤ አሥሩ ታመዋል፤ መሣሪያው ዘጠኙን ለየ። ዘጠኝ ቀይ ክር ጉልበቱ ላይ አኖርኩ። ጤነኞቹ መቶ ዘጠና ናቸው፤ ከእያንዳንዱ አሥር አንዱን በስህተት ታመሃል ቢል፣ አሥራ ዘጠኝ። ያንን ያህል ነጭ ክር ጨመርኩ።

«‹አለብህ› የተባለው ሰው ይሄ ሁሉ ነው። በእውነት የታመመው ስንት ነው?»

ዓይኑን ገልጦ ሁለቴ ቆጠረ። በክር ቆጠራ ማንንም አያምንም፣ እኔንም ጭምር።

«ከሃያ ስምንት ዘጠኝ» አለ። ከዚያ ነጩን በእጁ ሰብስቦ «ይሄ ይበዛል» አለና ፈገግ አለ። ሰኞ አርባ ምንጭ ሆስፒታል አብሮኝ ወረደ።

ሐኪሙ ረጅም ጊዜ አየው። በሽታው አለበት። ገና መጀመሪያው ላይ ስለሆነ ግን፣ ጠብታውን በየቀኑ ካደረገ ማየቱን ሊቀጥል ይችላል፤ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ዓይኑ ሳይታወቀው ይጠፋ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ቁጭ እንዳልን እንባዬ ወረደ። በቁጥር የሸነገልኩት መሰለኝ፤ ያንን ፈገግታ አበድሬ መልሼ የወሰድኩበት መሰለኝ። አባቴ በጋቢው ጫፍ ፊቴን ጠረገልኝ።

«ሒሳብሽ ልክ ነው፣ ልጄ» አለኝ። «ዘጠኙም እኮ ሰዎች ናቸው። አንዱ እኔ ሆንኩ። እንኳን አመጣሽኝ።»